አባትሽ ስለ ሐዲዱ ያለው

ሊልበርን፣ ኖቬምበር 2006

ውድ ልጄ ሊዲያ፣

መጽሔትሽ ዛሬም በስምሽ እዚህ ቤት ይመጣል። የሮለር ኮስተር ወዳጆች ማኅበር ዘንድ አድራሻሽን አላስቀየርሽም። ረስተሽው ይሁን ሆን ብለሽ አላውቅም፤ ሆን ብለሽ ነው ብዬ ማሰብ ግን እወዳለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሳላነብ የጣልኩት አንድም የለም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እንግሊዝኛውን ያስተማረኝ የለም፤ አንቺ ትተሻቸው የሄድሻቸውን የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከኋላ ከኋላሽ እየተከተልኩ ነው የለቀምኩት። አንድ ገጽ አንድ ምሽት ይፈጅብኛል። ግን ይገባኛል።

በዚህ ወር እትም፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ ስምሽን አየሁት። አንባቢዎች ስለዚያ ስለማያልቀው ክርክር የሚጽፉበት ገጽ ነው። ሮለር ኮስተር፣ ያ ሰው እየጮኸ ሽቅብ ቁልቁል የሚሄድበት የመዝናኛ ባቡር፣ የእንጨት ነው ወይም የብረት ነው የሚባለው በምኑ ነው? ባቡሩ በሚሄድበት ሐዲድ ነው ወይስ ሐዲዱን በተሸከመው ምሰሶ? አንቺ እንዲህ ብለሻል፦ «አባቴ አሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው በእንጨት ሐዲድ ላይ የሄደ አናጢ ነበር። ከመሞቱ በፊት የላከልኝ የመጨረሻ ቃል ‹የሚወስነው የሚሸከመው ነው› የሚል ነው። በቁጥር ትበልጡኛላችሁ፤ እኔ ግን ከዚህ ቃል አልወርድም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼው ኮንየርስ ከተማ ወዳለው መጋዘን፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ካርቶን ሳሽግ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሊዲያ፣ አባትሽ ይህን አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ከእሱ በእጅሽ የቀረው ይህ ቃል ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን እሱንም እየነጠቅኩሽ ነው። ዝም ልልም አስቤ ነበር፤ ዝምታ ለእኔ ከባድ አይደለም፣ ዕድሜዬን የኖርኩት በእሱ ነው። ነገር ግን ቃሉ በሕትመት ወጣ። አባትሽ ሙላው ያላለውን እንዳለ አድርገው በማላውቀው አገር ያሉ ሰዎች ያነቡታል። እውነተኛ ቃሉ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ እኔ ከሞትኩ ማንም ዘንድ የለም።

አባትሽን ሥራው ላይ አይተሽው አታውቂም፤ እኔም አላየሁትም። የመዝናኛ ፓርኩ ለሰው ሳይከፈት ነበር ሥራው የሚያልቀው። ገና ሳይነጋ ከቤት ይወጣና ከተማውን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይነዳል። ጎህ ሲቀድ መዶሻና የብሎን መፍቻ ይዞ ሐዲዱ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በእግሩ ነው፤ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ በመታጠፊያው ዙሪያ፣ እያንዳንዱን ብሎን እየነካ፣ ጣውላውን በመዶሻ እያንኳኳ። «አገር ቤት ሰው የሚያድርበትን ጣራ አቆም ነበር፤ እዚህ ሰው የሚጮህበትን» ይል ነበር። ሲመለስ ልብሱ እንዳይበሰብስ መድኃኒት የተነከረ የጥድ እንጨት ይሸታል። አንቺ በዚያ ሽታ ትኮሪ ነበር። ኢንጂነሪንግ ስትገቢ እንኳ ለአስተማሪዎችሽ አስቀድመሽ የምትነግሪያቸው የአባትሽን ሥራ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ የተባባላችሁትን ታስታውሺያለሽ? እኔ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«አባ፣ ሊስን» አልሽው። «ሐዲዱ እንጨት ነው፣ ኦኬ? ምሰሶው ግን በሙሉ ብረት። ምን ትለዋለህ?»

«አናጢና በያጅ እየተጣሉ የሠሩት እለዋለሁ።»

«አባ! ሲሪየስ ነኝ። ክለብ ውስጥ ሰዎች በዚህ ተኮራርፈዋል።»

«በዚህ?»

«በዚህ!»

«ደስ የሚል አገር ነው» አለና ጉርሻውን ዋጠ።

«ግማሾቹ ምሰሶው ነው ይላሉ፣ ግማሾቹ ሐዲዱ ነው ይላሉ። ግን የእንጨቱም ሐዲድ ላይ እኮ ጎማው የሚነካው ቀጭን ብረት ነው፣ ከላይ የተለበጠው። ጎማው የሚነካው ነው የሚወስነው ካልን ሁሉም ብረት ሊሆን ነው። ዩ ሲ?»

«ከብረቱ ሥር ስንት ጣውላ አለ?»

«ስምንት።»

«ይኸው ታውቂያለሽ።»

«መልሱን ነው የጠየቅኩህ!»

«አስቤ እነግርሻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ምሳ እየተበላ አይወሰንም።»

አፍንጫሽን አኮማትረሽ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽሽ እስኪያጥርሽ ሳቅሽ። እኔ «ወጡ በረደ» አልኩ። በዚያ ምሳ ላይ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። በሁለታችሁ መካከል እኔ የማልገባበት ቤት ነበር፤ ቀንቼባችሁ ነበር። ይህን በቃሌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በኋላ ስለምመለስበት እዚህ ላይ ተቀምጦ ይቆይ።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ቤት በመጣሽ ቁጥር «አሰብክ?» ትዪው ነበር። «ግማሽ ላይ ደርሻለሁ» ይልሽ ነበር።

በ2000 ጁላይ፣ ማኅበርሽ ኦሃዮ ላይ ሲሰበሰብ ብቻሽን በኮሮላሽ ነድተሽ ሄድሽ። አባትሽ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን በራችን ላይ ፓርክ አደረገና ሳይወርድ ቀረ። ልቡ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ። ቀጥሎ የሆነውን ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ ነገር ግን ከእኔ እጅ ተጽፎ አይተሽው ስለማታውቂ ልጻፈው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በአባትሽ ሞባይል ላይ ደወልሽ። እኔ አነሳሁት።

«እማ፣ አባ መለሰ? ክርክሩ አት ስሪ ነው፤ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የቀረው!»

«አዎ።»

«ምን አለ? ምን አለ?»

«የሚሸከመው ነው አለ። የሚወስነው የሚሸከመው ነው።»

«ምሰሶው? ሪሊ? እኔ ሐዲዱ ይላል ብዬ... ኦኬ። ኦኬ፣ እኔ ከአባ ጋር ነኝ። እስቲ ስጪኝ።»

«ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ደክሞት ነው።»

«በቃ ሳሚልኝ።»

አልሳምኩልሽም። ወስደውት ነበር።

አጠገቤ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ገሠሠ ቆመው ነበር። ጠዋት ልነግርሽ ነው ስላቸው «መርዶ በስልክ?» ብለው ተቆጥተውኛል። «ልጅቱ ብቻዋን ናት። የአሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ገደል ልትከቻት ነው እንዴ፣ እታገኝ? ትምጣ፣ ትረፍ፤ ጠዋት እንደ ወጉ ይነገራታል።» እሳቸውን አልከስም። ያወቁትን ደግነት ነው ያደረጉት። እኔም እሺ ያልኩት ስለገፉኝ አይደለም፤ ልክ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጀምበር ስትጠልቅ ደረስሽ። መኪኖቹን ሁሉ ሌላ መንገድ ላይ እንዲያቆሙ ተነግሯቸው ነበር። ጥቁር የለበሱት ሴቶችና እነ አቶ ገሠሠ ከሥር ወዳለው ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ወርደው ተቀመጡ፤ አሥራ አራት ሰው። አንቺ የማኅበሩን ቢጫ ቲሸርት ለብሰሽ ገባሽ። «አባ የታለ?» አልሽ። ሥራ ቦታ ጠርተውት ሄደ አልኩሽ። ራት አቀረብኩልሽ። በላሽ። ስለ ክርክሩ ስታወሪ ወንበር ላይ ወጥተሽ ነበር፤ አርባ ሰው በአንድ ወገን፣ አንቺ ብቻሽን በሌላው ወገን፣ «አባቴ ብሏል!» እያልሽ እንዴት እንደቆምሽ እያሳየሽኝ። ሳቅሽ። ከእግርሽ ሥር አሥራ አራት ሰው ትንፋሹን ውጧል። አንዱ አሳለ። «ምንድን ነው?» አልሽ። «ኤሲው ነው» አልኩሽ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ በፒጃማሽ ወጣሽ። አቶ ገሠሠ ተናግረው ሳይጨርሱ ነገሩ ገባሽ። ግን ወዲያው አላለቀስሽም። ዞር ብለሽ የቤዝመንቱን በር አየሽ፤ ተከፍቶ ነበር፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየወጡ ነበር። «ማታም እዚህ ነበራችሁ?» አልሽ። ከዚያ ያንን በእንግሊዝኛ ተናገርሽ። በአማርኛ ሳስበው ይበልጥ ይከብደኛል፦ እያወቃችሁ አሳቃችሁኝ።

በተቀበረ በሳምንቱ ሄድሽ። ከመሄድሽ በፊት በር ላይ ቆመሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ፦ «የምሰሶውን ነገር በእውነት ብሎታል? ወይስ እሱም...?» እኔም «ብሎታል፤ ዓርብ ነው ያለኝ» አልኩሽ። አመንሽኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያደማኝ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያ ማመንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ትደውዪ ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ። ከዚያ ቀረ። እኔም አልመጣሁብሽም፤ እንዳስቀመጥኩሽ የምትቆዪ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ ከሥራ በፊት ወደ ፓርኩ ነድቼ ነበር። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር ሆኖ የትልቁ ሽቅብ ጫፍ ይታያል። አንድ ሰው መዶሻ ይዞ ቀስ እያለ ሲወጣ አየሁ። አንኳኳ፤ ቆመ፤ አደመጠ፤ ቀጠለ። ሐዲዱ ባሏ የሞተባት ሴት አልነበረውም፣ አባቷ የሞተባት ልጅም። ሰው ተክተውለታል። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ማልቀስ አቃተኝ።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። የማታውቂው ዓርብን ነው።

ለሁሉም ሰው አባትሽ ከሐሙስ ጀምሮ ራሱን አያውቅም ነበር ብያለሁ፤ ለአንቺም ዓርብ ለአፍታ ነቅቶ ያቺን ቃል ብቻ ብሎ ተኛ ብዬሻለሁ። ውሸት ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ነቅቶ ነበር። ትራስ ደግፈውት ተቀምጦ ሾርባ ጠጥቷል። ጠዋት ላይ አንዲት ነርስ ወደ ኮሪደር ወስዳኝ «የሚመጣ ልጅ ካላችሁ ዛሬ ጥሪው» አለችኝ። ቋንቋው አልገባኝም ማለት አልችልም። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል።

ማታ ሊሆን ሲል፣ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ሳለች፣ ደወልሽ። «ነገ ትልቁ ክርክር ነው፤ አባ አሰበ ወይ? ስጪኝ» አልሽ። እሱ ድምፅሽን ሰማ። እጁን ዘረጋ። ከእኔ ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና «ተኝቷል» አልኩሽ። «ሲነሳ ጠይቂልኝ» ብለሽ ዘጋሽ።

«ለምን አላገናኘሽኝም?» አለኝ።

«አታውራ ተብለሃል። እኔ እነግርልሃለሁ።»

«እንግዲያው አሁን መልሰሽ ደውዪላት። መልሱን አግኝቼዋለሁ። ስትደውዪ እንዳትረሺው በደንብ ስሚኝ።»

እንዲህ አለ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም፦

«ብረት ማታ እንደተውሽው ጠዋት ታገኚዋለሽ በያት። እንጨት ግን እንደዋለ አያድርም። ሙቀቱ ያላቅቀዋል፣ ዝናቡ ያሳብጠዋል፣ ብርዱ ይሰበስበዋል። በትላንቱ አይታመንም። ስለዚህ በየማለዳው በእግሩ ሄዶ የሚያየው ሰው ከፈለገ፣ እሱ የእንጨት ነው። ምሰሶው ወርቅም ቢሆን።» ትንሽ ዐረፈ። ከዚያ ፈገግ አለና «ሰዎቹ ካልገባቸው ደግሞ በአጭሩ እንዲህ በያቸው በያት፦ አባቴን ከሥራ የማያስወጣው ሁሉ የእንጨት ነው!»

የማረፊያሽን ስልክ ቁጥር በወረቀት ይዤ ወደ ኮሪደር ወጣሁ። የለስላሳ መሸጫው ማሽን አጠገብ ቆምኩ። ስድስት ቁጥር ነካሁ። ከዚያ የሆስፒታሉ ድምፅ ማጉያ ተናገረ። ይህን ትሰማለች፣ የት እንዳለሁ ትጠይቀኛለች፣ በዚያው ተነስታ ትነዳለች፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትሆናለች አልኩ። ዘጋሁት። ይህ እውነት ነው፤ ፈርቼልሽ ነበር። ነገር ግን ከላይ ያስቀመጥኩት ቅናት ደግሞ አለ። እነዚያ ሰዓታት የመጨረሻዎቹ እንደሆኑ ውስጤ ያውቅ ነበር። ስልኩን ብሰጠው ያቺን ማታ ሙሉዋን ወደ እናንተ ቤት እንደሚገባ፣ እኔ በር ላይ እንደምቀር አውቅ ነበር። እጄን የያዘው ፍርሃት ነው ብዬ ብቻ ለመማል ስድስት ዓመት ሞከርኩ። መማል አልቻልኩም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ስትጠይቂኝም እውነተኛውን ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። «በየማለዳው» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እንደምሰበር አወቅኩ፤ የዚያን ዕለት ማለዳ ነበር የሞተው። ስለዚህ አጭሩን፣ በመጽሔትሽ ላይ አይቼው የነበረውን፣ ከሌሎቹ ሰዎች አፍ ወስጄ ሰጠሁሽ። ልክ ይሁን ስሕተት አላሰብኩም። እንዳላለቅስ ብቻ ነበር ያሰብኩት።

ወደ ዓርብ ማታ ልመለስ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሰው ተናግሮ የሚጨርስበትን ያህል ኮሪደሩ ላይ ቆይቼ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

«ነገርሻት?» አለ።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች» አልኩት።

ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። «እንዴት ሳቀች?»

«አፍንጫዋን አኮማትራ። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ እስኪያጥራት።»

«እሱማ እውነተኛው ሳቋ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልተናገረም።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ለሁለታችሁም ዋሸሁ። አንቺ ያልሰማሽውን ሰምታ ሳቀች ብዬ ሸኘሁት። እሱ ያላለውን ብሏል ብዬ አንቺን አርባ ሰው ፊት አቆምኩሽ። በመካከል ያለው እውነት እኔ ዘንድ ሲበሰብስ ኖረ። ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይህን ካነበብሽ በኋላ ይቅር የምትዪበት ምን እንደሚቀርሽ እኔም አይታየኝም። ነዪም አልልሽም። ለማኅበሩ ግን ጻፊላቸው። በገጽ አሥራ አራት ያለው የአባትሽ ቃል አይደለም፤ የአባትሽ ቃል ይኸው ነው፣ እንደ አፉ።

የመጨረሻውን፣ ስለ ሥራው የቀለደውን፣ ደግመሽ አንብቢው። ካሳቀሽ ለእኔ መንገር የለብሽም። ለእሱ ቀድሜ ነግሬዋለሁ።

እናትሽ
እታገኝ